አንድ ቤት፣ አምስት አድራሻ፦ አዲስ አበባን ማን ከፋፈላት? ማንስ ወከላት?

ባለፈው ወር አባቴ የቤት ጉዳይ ነበረውና አብሬው ወረዳ ሄድኩ። ከመሄዳችን በፊት ማታ የሰነድ ፌስታሉን ፈታን። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያረጀ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ፌስታል አለው። የኪራይ ደረሰኝ፣ ጠርዙ የተበላ መታወቂያ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ደብዳቤ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጉርድ ፎቶ። ወረቀቶቹን በየዘመናቸው ስደረድራቸው አንድ ነገር አየሁ። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ አንድ ክንድ እንኳ ፈቀቅ አላለም። አድራሻው ግን ይቀያየራል። አንዱ ላይ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ይላል። ቀጥሎ ያለው «ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ» ይላል። ከዚያ «ክፍለ ከተማ» ይመጣና ቀበሌው መሐሉ ላይ እዝባር ያለበት ቁጥር ይሆናል። የመጨረሻው ላይ ቀበሌ የሚባል ነገር የለም፣ «ወረዳ» ሆኗል። አባቴ ራሱ ደግሞ ሰፈሩን እስከ ዛሬ የሚጠራው በአንድ የምኒልክ መኮንን ስም ነው።

አምስት አድራሻ ማለት ነው። በማግስቱ ወረዳ ስንደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ «አባባ፣ የድሮው ቀበሌዎ ስንት ነበር?» ሲለው፣ አባቴ «የትኛው ድሮ?» አለው። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው አብሮኝ ቤት ገባ። ይህች ከተማ ስትከፋፈልና ስትዋሐድ፣ ቁጥር ሲሰጣትና ሲነጠቅ፣ መስመሩን ያሰመረው ማን ነበር? መስመሩ በተቀየረ ቁጥርስ በእኛ ስም ይናገር የነበረው ማን ነው?

ከመጀመሪያው እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ የከተማዋ አሠራር የጦር ሰፈር አሠራር ነበር። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ይመሰክራል፤ ጦር የሰፈረበት ማለት ነው። ግቢው መሐል ላይ፣ መኳንንቱ ደግሞ በዙሪያው እንደ ማዕረጋቸውና እንደ ሥራቸው። እያንዳንዱ መኮንን የተመራውን ቦታ ለጭፍራውና ለአሽከሩ ይደለድላል። ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የተባሉት በዚህ መንገድ ነው። ሙያ የሰበሰባቸውም ነበሩ፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር። በዚያ ዘመን «ማን ይወክልሃል?» ብትለው ሰውየው ግር አይለውም። ጌታው ይወክለዋል። አቤት የሚለው በጌታው በኩል ነው፣ ጌታው ሲሻር እሱም አብሮ ይሻራል። ይህ ውክልና ነው ልል አልችልም። ግን አንድ ነገር ነበረው፣ ሰውየው በስሙ ይታወቃል፤ ቤቱም የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ የመጀመሪያውን «ሳይንሳዊ» ክፍፍል አመጣ። አውሮፓዊ ወዲህ፣ «ተወላጅ» ወዲያ። የአራዳውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶና አዲስ ከተማ የምንላቸውን ትቶልን ሄደ። ሀገሬው በሙሉ ወዲያ ባይሻገርለትም የመስመሩ ዱካ አልጠፋም።

ከነፃነት በኋላ ነው ሕግ የመጣው። በ1937 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ፣ በኋላም በ1940ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ አበባ ብቻ የተሰጠው ቻርተር፣ ከተማዋን ምክር ቤት ያላት ከተማ አደረጓት። ከተማዋ በ10 ወረዳ ተከፈለች። ከምክር ቤቱ አባላት ከፊሎቹ ከየሚኒስቴሩ የሚላኩ ሹሞች ሲሆኑ የቀሩት ከየወረዳው ይመረጣሉ። ከንቲባውን የሚሾሙት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። መራጩስ ማነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። መራጩ ባለርስት ነው፤ ቦታና ቤት ያለው፣ ግብር የገበረ። አዲስ አበባ ያን ጊዜም የተከራይ ከተማ ነበረች። ጭቃው ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ነው፣ ስለ ጭቃው ድምፅ የሚሰጠው አከራይ ነው።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ለፓርላማ ምርጫ በር ከፈተ። ዕድሜው 21 የሞላ ወንድም ሴትም መምረጥ ቻለ። ዕጩ ለመሆን ግን 1 ሺህ ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2 ሺህ ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ብር! ስለዚህ የ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ተከራይ አገሪቱን የሚወክል ሰው ይመርጣል፤ የደጁን ቦይ የሚያስጠርግለትን ሰው ግን አይመርጥም።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47።

ይህን አዋጅ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በትርፍ ቤት ነው። ቤት የተወረሰበትና ቤት ያገኘው ሰው እስከ ዛሬ በአንድ ዓይን አያየውም፤ እኔ ያደግኩት ካገኙት ወገን ቤት ውስጥ እንደሆነ ከፌስታሉ ይገባችኋል። ግን አዋጁ ቤት ብቻ አይደለም የወረሰው። የከተማዋን ውክልናም ገለበጠው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ የተወለደው በዚሁ አዋጅ ነው። ትናንት ብቸኛ መራጭ የነበረው ባለርስት ለአንድ ዓመት እንዳይመርጥም እንዳይመረጥም ታገደ። ትናንት የማይመርጠው ተከራይ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ተሰብስቦ ሊቀ መንበር መረጠ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን ኪራይ ቀበሌው እየሰበሰበ ለሰፈሩ መንገድና ሽንት ቤት እንዲያውለው ተደነገገ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። የኪራዩም ዋጋ እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ።

አባቴ የመጀመሪያዎቹን ስብሰባዎች ያስታውሳል። ወጣት ነበር። «ሰው በጠራራ ፀሐይ ቆሞ ይከራከር ነበር» ይላል። ስለ ቧንቧ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ቆሻሻ። ያቺ አጭር ጊዜ በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ ተራው ነዋሪ ለሰፈሩ ቅርብ የሆነ ሥልጣን የያዘባት ጊዜ ናት ብል የማጋንን አይመስለኝም።

አልቆየችም። በጥቅምት 1969 አዋጅ 104 ሲወጣ ቀበሌው በከፍተኛ ሥር፣ ከፍተኛው በማዕከላዊው ማኅበር ሥር ተደራጀ። ወደ 300 የሚጠጉ ቀበሌዎች፣ 25 ከፍተኛዎች፣ ከላይ አንድ ከንቲባ፤ በዚያው ዓመት ዶክተር ዓለሙ አበበ። በወረቀት ላይ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል ይመስላል። በተግባር ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ሆነ። ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ፣ አብዮት ጥበቃና እስር ቤት ነበረው፤ ቀይ ሽብር ሲመጣ የሰፈሩን ልጅ በስም የሚያውቀው መዋቅር ይኸው ቀበሌ ነበር። ሰፈርን ለማወቅ የተሠራው ቅርበት ሰፈርን ለማጥመድ ዋለ። በኋላም ስኳሩ፣ ጨዉ፣ ሳሙናው በቀበሌ ሱቅ በኩል ሆነ። መታወቂያውም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም፣ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪውም። በአባቴ ፌስታል ውስጥ የዚያ ዘመን ወረቀት ከሁሉም ይበዛል። የቀበሌ ሊቀ መንበሮቹን ስም እስከ ዛሬ በተራ ይጠራቸዋል። ከእነሱ ወዲህ የመጡትን ግን የአንዱንም ስም አያውቅም።

ኢሕአዴግ ሲገባ አዲስ አበባ «ክልል 14» ተባለች። ከፍተኛ የሚለው ስም ቀረና ወረዳ ተመለሰ፤ አሁን 28 ወረዳ፣ በላያቸው 6 ዞን፣ በሥራቸው ከ300 በላይ ቀበሌ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ደግሞ የከተማዋን ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጠው፤ ተጠሪነቱን ግን ለፌዴራል መንግሥቱ አደረገው፤ የኦሮሚያንም ልዩ ጥቅም በዚያው አንቀጽ ደነገገ። በ1989 ቻርተር ወጣ። በ1995 በአንድ ዓመት ውስጥ ቻርተሩ ሁለት ጊዜ ተከልሶ፣ ዞንና ወረዳ ፈርሰው 10 ክፍለ ከተሞች መጡ። ቀበሌዎቹ መጀመሪያ 203 ሆኑ፤ ቆይተው እየተጣመሩ ወደ 99 ወረዱ። አባቴ ደረሰኝ ላይ ያለችው እዝባር ከዚህ የመጣች ናት፤ የሁለት ቀበሌ ጋብቻ ምልክት። በ2003 አካባቢ ደግሞ ቀበሌ የሚለው ስም ራሱ ቀርቶ 116 ወረዳዎች ሆኑ። በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛው ክፍለ ከተማ ለሚ ኩራ ተጨመረ።

«ወረዳ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። በጃንሆይ ጊዜ 10 ነበረች፣ በ1980ዎቹ 28፣ ከዚያ ጠፋች፣ ተመልሳ ስትመጣ 116። ስሙ ያው ነው፣ ዕቃው ሌላ ነው። እኛም ዛሬ ድረስ «ቀበሌ ሄጄ መጣሁ»፣ «የቀበሌ መታወቂያ» እንላለን። መንግሥት ስም ይቀይራል፣ ሰው ደግሞ ስሙን የሚቀይርበት ጊዜ የለውም።

ፍትሐዊ ልሁን። የ1995ቱ ለውጥ ባዶ አልነበረም። ከዚያ በፊት ለአንድ ፈቃድ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ የሚሰለፍ ሰው፣ ጉዳዩን ክፍለ ከተማው ላይ መጨረስ ጀመረ። አገልግሎት ቀርቧል። የኔ ጥያቄ ግን ስለ መስኮት አይደለም፤ ስለ ወንበር ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997ን የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ካለ ወይ አልተወለደም ወይ እየዋሸ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሰልፉ ገና ሳይነጋ ጀምሮ አስፋልቱን ይዞ ሲጠመዘዝ ትዝ ይለኛል። ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። ከተማዋ በፓርላማ ያሏትን 23 ወንበሮችም በሙሉ። የሆነውን ታውቃላችሁ። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ መንበሩን ሳይረከቡ ከፓርቲው መሪዎች ጋር ታሰሩ። በ1998 መጨረሻ አካባቢ ከተማዋ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። የከተማዋ ሰው በታሪኩ ከፍተኛውን ድምፅ በሰጠ ማግስት የተመረጠ ምክር ቤት ሳይኖረው ከረመ።

ሚያዝያ 2000 ላይ ቀጣዩ ምርጫ ሲመጣ ኢሕአዴግ ምክር ቤቱን ጠቅልሎ ያዘው። በ2005 ብዙ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አግልለው 138ቱም የኢሕአዴግ ሆኑ። በ2013ም ገዢው ፓርቲ ብልጽግና በምክር ቤቱ ያለ ተቀናቃኝ ተቀመጠ። ይህን በቁጭት ብቻ ማንበብ ይቻላል፤ ነገር ግን ስሌቱን እንየው። 138ን ለ23 አካፍሉት፣ ስድስት ይመጣል። አንድ ምርጫ ክልል ስድስት ሰው ይልካል፣ አሸናፊው የሚለየው በአብላጫ ነው። በአንድ ክልል ከመቶ 55 ያገኘ ፓርቲ ስድስቱንም ሊወስድ ይችላል፤ 45ቱ ሰው ማንም የለውም። ይህ ሕግ በ1997 ለቅንጅት ሠራ፣ ከዚያ ወዲህ ለገዢው ፓርቲ ሠራ። በ1997 ኢሕአዴግን የመረጠ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ ምክር ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ወንበር ብቻ ነበረው። ያን ጊዜ ማናችንም ስለዚያ አልተጨነቅንም። አሁን ሲመለስብን ነው የገባን።

ወንበር ማብዛት ደግሞ መፍትሔ አለመሆኑን አይተናል። ከ1997 ምርጫ በኋላ በመላ አገሪቱ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ፤ በ2000 ምርጫ ለወረዳና ለቀበሌ ብቻ 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ ለውድድር ቀረበ። ይህን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችለው ማነው? መንግሥት የሆነ ፓርቲ ብቻ ነው። በ2005 እንደገና ተደገመ፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ለወረዳ ምክር ቤት ድምፅ ሰጠሁ። በ2010 መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። በዚያው ዓመት ቻርተሩ ተሻሽሎ የምክር ቤቱ ዕድሜ ሲረዘም ከምክር ቤቱ ውጭ ያለ ሰው ምክትል ከንቲባ ሆኖ እንዲመራ ተፈቀደ፤ ኢንጂነር ታከለ ኡማ የመጡት በዚያ በር ነው። የ2013ቱ ምርጫ ለከተማው ምክር ቤትና ለፓርላማ ሆነ። ወረዳ አልተነካም።

አሁን ወደ መስመሩ እንመለስ። በ2013 የምርጫ ጣቢያ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያነበበ ሰው «ምርጫ ክልል 28» የሚል አይቶ ይሆናል። ከተማዋ ያሏት ምርጫ ክልሎች 23 ናቸው። 28 ከየት መጣ? ከሞቱት 28 ወረዳዎች ነው። የምርጫው ካርታ በእነሱ ላይ ተሠርቶ አንዳንዶቹ ተጣምረው በእዝባር የሚጻፉ ሆኑ፤ ዞኑም ወረዳውም ፈርሶ፣ ክፍለ ከተማ መጥቶ፣ ቀበሌ ወረዳ ሆኖ፣ የምርጫ ክልሉ ግን ያው ነው። የመብራትና የውኃ አድራሻችን በአንድ ካርታ፣ ድምፃችን በሌላ፣ በሌለ ካርታ።

በ1987 ቆጠራ ከተማዋ 2.1 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ ለአንድ የፓርላማ ወንበር ወደ 92 ሺህ ሰው ማለት ነው። በ1999 ቆጠራ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆነች፤ ለአንድ ወንበር 119 ሺህ። ይህ ብቻውን ግፍ ነው አልልም። በዚያው ቆጠራ የአገሪቱ አማካይ ለአንድ ወንበር 135 ሺህ ገደማ ስለነበር አዲስ አበባ እንዲያውም ትንሽ ተጠቃሚ ነበረች። «ከተማችን በፓርላማ ተበድላለች» የሚሉ ወዳጆቼ ይህችን ቁጥር ይያዙልኝ። ችግሩ ውስጧ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ሰውን ከመሐል ወደ ጀሞ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ አወጣው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲነሱ ብዙው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና መሰል ዳርቻዎች ሄደ። በ1980ዎቹ ሜዳ የነበረው ዛሬ ሕዝብ የተፋፈገበት ነው፤ ያን ጊዜ የተፋፈገው ዛሬ አጥርና አበባ ነው። ካርታው ሁለቱንም በድሮ ዓይን ያያቸዋል።

ታዲያ ማስተካከል ያለበት ማነው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ መልስ አለው። በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይካሄዳል፤ ውጤቱን መሠረት አድርጎ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፤ የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ የለም፤ የ2010ሩ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቤት ነው፤ አባላቱ የሚመጡት ከየክልሉ ነው። አዲስ አበባ ክልል አይደለችም። እንደ ከተማ አንድም ሰው እዚያ የላትም። የምርጫ መስመሯን የሚያሰምረው ቤት ውስጥ እሷ አትቀመጥም።

ሐሳቤን ካልጠየቃችሁኝም ልናገር። ከከተማው ምክር ቤት ወንበሮች ግማሹ እንኳ በተመጣጣኝ ውክልና ቢከፋፈል፣ 1997ም ሆነ 2013 የተለየ አዳራሽ ይሰጡን ነበር። ማን ገዢ፣ ማን ተቃዋሚ ይሆን እንደነበር አይደለም የምለው፤ ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ይቀመጡ ነበር። የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ደግሞ ከሁሉም መቅደም ያለበት ይመስለኛል፤ 300 ሰው ሳይሆን ጎረቤት በስም የሚያውቃቸው ጥቂት ሰዎች ያሉበት።

አባቴ ጉዳዩ አላለቀለትም። ሲወጣ «የድሮውን ቀበሌ ማስረጃ አምጣ አሉኝ» አለኝ። ማስረጃውን የሚሰጠው ቢሮ የት እንደሆነ ጠየቅኩት። በእጁ አሻግሮ አሳየኝ፤ ቆርቆሮ አጥር ነበር። ታክሲ ስንጠብቅ አንዱን ጎረቤታችንን ጋሼን አገኘናቸውና «የኛ የከተማ ምክር ቤት ተወካዮች እነማን ናቸው?» አልኳቸው። ስድስት መሆናቸውንም ነገርኳቸው።

«ስድስት?» አሉ ጋሼ። «ስድስቱም የኛ?»